የጋሽ ፈቃደ የጎማ ሱሪ

ባለፈው ወር ናይሮቢ፣ ላቪንግተን አካባቢ የመኪናዬ ጎማ ተነፈሰብኝ። መንገድ ዳር የሚሠራው ጎሚስታ ጎማውን ፈትቶ፣ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ የማስቲሹን ክዳን ሲከፍት ያ ሽታ መጣ። «ማዳም፣ ራቅ በይ፣ ራስ ያዞራል» አለኝ በስዋሂሊ። እኔ ጭራሽ ተጠጋሁ። ሰውየው ጤነኛ መሆኔን ሳይጠራጠር አልቀረም፤ ማስቲሽ ለማሽተት አንገቷን የምታሰግግ ባለመኪና አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ምን ላድርግ፣ ለኔ ያ ሽታ የአንድ ዓመት ሽታ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ዓመት፣ የጋሽ ፈቃደ የጎማ ሱሪ ዓመት።

ያኔ የምንኖረው ኪሌሌሽዋ፣ አንድ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ነበር። እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ እነ ጋሽ ፈቃደ ምድር ቤት። እናቴ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ አባቴ ሥራው አየር መንገድ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ቢገኝ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ መኪና ሲያወርደኝ ቀጥ ብዬ የምገባው ጋሽ ፈቃደ ቤት ነው። ጋሽ ፈቃደ ጡረታ የወጡ የውኃ መሐንዲስ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ከአንድ ልጃቸው ከሮማን ጋር ቀርተዋል። ሮማን ነርስ ስለሆነች የምናውቃቸው ሐበሾች ሁሉ ሲስተር ሮማን ይሏታል፤ እኔም እንደዚያው። ቁመቷ ረጅም፣ ንግግሯ አጭር ነው። እፈራት ነበር።

ሱሪውን መጀመሪያ ያየሁት የነሱን መታጠቢያ ቤት በር ስከፍት ነው። ከላይ ከቧንቧው ላይ ሁለት ጫማ ተሰቅሏል። ከጫማው በታች እግር፣ ከእግሩ በታች ወገብ፣ ከወገቡ በታች ደረት። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። በሩን ዘግቼ ወደ ሳሎን ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው አለ። ተዘቅዝቋል» አልኳቸው።

ጋዜጣቸውን አጠፍ አደረጉ። «ራሱስ?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ብዙ አያወራም። ነይ ላስተዋውቅሽ።»

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። እስከ ደረት የሚደርስ፣ ከታች ከቦቲ ጫማ ጋር አንድ ላይ የተሠራ፣ ከላይ በማንጠልጠያ ትከሻ ላይ የሚያዝ የጎማ ሱሪ ነው። ዓሣ አጥማጅ ወንዝ ውስጥ የሚቆምበት ልብስ ነው። ፈረንጆቹ ዌደር ይሉታል፤ ጋሽ ፈቃደ ግን «ሱሪዬ» ነው የሚሉት፣ ሌላ ሱሪ እንደሌላቸው ሁሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ካማው የሚባል የድሮ የሥራ ባልደረባቸው በፒክአፕ ይመጣል። አብረው ከአበርዴር ተራራ ወደሚወርድ ቀዝቃዛ ወንዝ ይሄዱና ትራውት የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳሉ። ካማው ውኃ ስለሚፈራ ዳር ተቀምጦ ነው የሚያጠምደው። ጋሽ ፈቃደ እስከ ወገባቸው ይገባሉ።

እኔ ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ በራሴ መንገድ ነበር የተረዳሁት። የውኃ መሐንዲስ ናቸው ከተባለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ውስጥ የሚቆሙት ውኃው በትክክል መፍሰሱን ሊያዩ ነው። ዓሣው በሥራ መሐል ያገኙት ነገር መሰለኝ። አንድ ሳምንት የአፓርታማው ውኃ ሲቋረጥ በባልዲ ሊቀዱ የወረዱትን ጎረቤቶች «ቅዳሜ ይስተካከላል፣ ጋሼ ሄደው ያዩታል» ብዬ አረጋግቻቸዋለሁ። የሚገርመው ቅዳሜ ማታ ውኃው መጣ። ከዚያ በኋላ ማን ያሳምነኛል?

ዓሣው በጋዜጣ ተጠቅልሎ እኛም ቤት ይደርስ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ግን ክርክር ተነሳ። ሲስተር ሮማን ዓሣ በጾም ይበላል ባይ ናት። እናቴ ደግሞ «እኔ ቤት አይበላም» አለች፤ ግን የጋሽ ፈቃደን ስጦታ መመለስም ነውር ሆነባት። ስለዚህ ለፋሲካ ይሁን ብላ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደረደረችው። በረዶ ላወጣ በከፈትኩ ቁጥር ስድስት ሰባት ዓሣ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኝ ነበር።

ጋሽ ፈቃደ ስኳር አለባቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዲት ትንሽ ቁስል ለወራት አልድን ብላ የግራ እግራቸውን ትንሿን ጣት አስቆርጣቸዋለች። ከዚያ ወዲህ እግራቸው ብዙ አይሰማውም፤ ጠጠር ቢገባ አያውቁም፣ ውኃ ቢቀዘቅዝ አያውቁም። ሲስተር ሮማን ዓሣ ማጥመዱን ጭራሽ ልትከለክላቸው ነበር። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ በአንድ ሕግ ተስማሙ። እግራቸው ደርቆ እስከተመለሱ ድረስ ይሄዳሉ፤ ረጥበው ከመጡ ግን በዚያው ያበቃል። ሁልጊዜ ሲመለሱ በር ላይ ካልሲያቸውን በእጇ ትዳስሳለች።

«አንድ ቀን ብቻ ይረጥብ፣ አባዬ» ትላቸዋለች።

«አንድ ቀን ብቻ» ይላሉ እሳቸውም፣ ደረቅ እግራቸውን እያወዛወዙ።

ሱሪው ደግሞ አርጅቷል። አሥራ አንድ ቦታ ተለጥፏል፤ ቆጥሬዋለሁ። ስለዚህ እሱን መንከባከብ ቀልድ አልነበረም፤ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራችን እሱ ነው። ጭቃውን በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ እናጥባለን፤ የዱቄት ሳሙና አይነካውም። እርጥበቱን እንዲጠጣ ጫማው ውስጥ ጋዜጣ እንጠቀጥቃለን። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ አይታጣጠፍም፤ በጫማው ተዘቅዝቆ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። «ፀሐይና ነጭ ጋዝ ጎማ ይገድላል። ይህን ካወቅሽ ሌላው ቀላል ነው» ይሉኛል።

ከዚያ እኔ የምወደው ሥራ ይመጣል። የመታጠቢያ ቤቱን መብራት እናጠፋለን፣ መስኮቱን በፎጣ እንጋርዳለን፣ ጋሽ ፈቃደ የእጅ ባትሪ አብርተው በሱሪው እግር ውስጥ ቀስ እያደረጉ ያወርዳሉ። ቀዳዳ ካለ የመርፌ ጫፍ የምታክል ብርሃን ብቅ ትላለች። የኔ ሥራ እሷን ፈልጎ በእስክሪብቶ መክበብ ነው። «ዓይንሽ ከኔ ይሻላል» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ለሳምንት ይህን ለክፍል ጓደኞቼ አወራለሁ። ቀዳዳው ከተገኘ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ማስቲሽ በስሱ ይቀባል፣ ከዚያ ማስቲሹ በጣት ጀርባ ሲነኩት እስከማይጣበቅ ድረስ ይጠበቃል። መጠበቅ አልችልም፤ ዛሬም አልችልም።

«ጋሼ፣ ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ከቅድሙ ይልቅ አልደረሰም» ይሉና ይስቃሉ። ስንስቅ ይደርሳል።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የካማው ፒክአፕ ሞተሯ ተበላሸና ጋሽ ፈቃደ ሦስት ቅዳሜ ከቤት ዋሉ። ሱሪውም ተሰቅሎ ከረመ። አንድ ቀን እጄን ልታጠብ ገብቼ አየት ሳደርገው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጎማው ቀጫጭን ስንጥቅ አውጥቷል። ስንጥቁን አውቀዋለሁ። የናይሮቢ ሐምሌ ብርድ ሲመጣ የኔም ተረከዝ እንዲሁ ይሰነጣጠቃል። መድኃኒቱንም አውቀዋለሁ። እናቴ በሁለት ነገር ላይ እምነቷ የጸና ነበር፤ አንዱ እግዚአብሔር ነው፣ ሁለተኛው ቫዝሊን ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት ፊቴ ቫዝሊን፣ ጉልበቴ ቫዝሊን፣ ተረከዜ ቫዝሊንና ካልሲ፤ እጇ ላይ በተረፈው ደግሞ ጫማዬ ይወለወላል። ሳላበራ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ቅዳሴ ላይ የሐበሻ ልጆች ስንደረደር ጉልበታችን ፊት ያሳያል።

ስለዚህ ትልቁን የቫዝሊን ብልቃጥ ከቤት ደብቄ አወረድኩ። ጋሽ ፈቃደ ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ሲያንቀላፉ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሱሪውን ቀባሁት። ስንጥቁን ሞላሁ፣ ጉልበቱን አሸሁ፣ አሥራ አንዱንም ልጥፍ ዳር ዳሩን ሳይቀር ወለወልኩ። ጫማውን ሁለቴ ደገምኩት። ሱሪው እንደ እሑድ ልጅ አበራ። ደስ አለኝ፤ ለሰው ደግ ሥራ ሠርቶ ዝም ማለት ቅድስና ነው ብላ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሬ ስለነገረችኝ ዝም አልኩ። ፀሐይ እንደማይሆን ነግረውኛል፣ ነጭ ጋዝም እንደዚሁ። የቫዝሊን ነገር ግን ማንም አላነሳም።

ፒክአፕዋ ተሠራችና ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ፈቃደ ሦስት ሳምንት የታሰረ ሰው ሲፈታ እንደሚሄደው ሄዱ። ሱሪውን በችኮላ ጠቅልለው ጫኑት። ባትሪ ማብራቱም ቀረ፤ ወንዝ ካልነካ ምን ይሆናል ብለው ነው።

ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ገመድ ስዘል ፒክአፕዋ ከወትሮው ቀድማ ገባች። ካማው ጋሽ ፈቃደን ደግፎ አወረዳቸው። ሲስተር ሮማን በሩ ላይ ነበረች። «ፖሌ ሳና፣ ሲስተር» አላት፤ በጣም አዝናለሁ ማለቱ ነው። ሱሪው ከፒክአፑ ኋላ ተጋድሟል። ቫዝሊን የጠጣው ጎማ ላልቶ ተልፈስፍሷል፣ ልጥፎቹ ከቦታቸው ተንሸራተው ተንጠልጥለዋል። ጋሽ ፈቃደ እግራቸው ስለማይሰማቸው ውኃ እንደገባባቸው ያወቁት መራመድ ሲከብዳቸው ነው። ከዚያ በፊት ስንት ሰዓት እንደቆሙ እንጃ። ሲስተር ሮማን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ካልሲያቸውን ስታወልቅ እግራቸው ነጥቶ ተጨማዷል፤ የቀኝ ተረከዛቸው ቆዳ ተልጧል።

«ውኃው እንዴት ገባ?» አለች።

ጋሽ ፈቃደ ወደኔ አላዩም። «ጥልቅ ቦታ ገባሁ። ከላይ በደረቴ ነው የገባብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ከላይ?»

«ከላይ።»

ቁስሉን አጥባ ከሸፈነች በኋላ ወጥታ ሱሪውን ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችና በረንዳው ጥግ ወረወረችው። «አለቀ፣ አባዬ» አለች ስትመለስ።

«አለቀ» አሉ እሳቸውም።

እኔ ግን እነዚያን ልጥፎች አይቻለሁ። ከላይ እንዳልገባ አውቄያለሁ፤ በማን እጅ እንደላሉም አውቄያለሁ። ጋሽ ፈቃደ ግን አላወቁም ብዬ ተነፈስኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት። ደስታው አንድ ቀን ቆየ።

ሦስት ሳምንት እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተቀመጡ። ቁስሉ ቀስ እያለ ዳነ፤ እሳቸው ግን ቀስ እያሉ ሌላ ሰው ሆኑ። ጢማቸውን መላጨት ተዉ። ጋዜጣው ሳይገለጥ ይውላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ካማው በር ላይ ቆሞ ሰላም ብሏቸው ብቻውን ይሄዳል። ሲስተር ሮማን በየጠዋቱ ስኳራቸውን ትለካለች፤ በየጠዋቱ ከፍ ብሎ ያድራል። ከንፈሯን ነክሳ ትጽፈዋለች። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን ፈትቼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ የምንሠራው ነገር የለም።

«ጋሼ፣ አሁን ወንዙን ማን ያየዋል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ማለቴ እንደሆነ ገባቸው መሰለኝ፣ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ወንዙ ራሱን ይችላል፣ የኔ ልጅ። ያልቻልኩት እኔ ነኝ።»

ያን ማታ ራት አልበላልኝም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ሮማን ወጥ ቤት እጇን ስትታጠብ ገባሁ። የምለውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተለማምጄው ነበር፤ የወጣልኝ አማርኛው ነው።

«ሲስተር፣ ሱሪውን ቫዝሊን የቀባሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ስንጥቅ ነበረው። ሦስት ቀን ቀባሁት። ውኃው ከላይ አይደለም የገባው።»

እጇን ጠረገችና ወደ በረንዳው ሄደች። ማዳበሪያውን ፈትታ ሱሪውን ጎተተችው። በጣቶቿ መሐል አሸት አድርጋ አሸተተችው። አንዱን ልጥፍ ስትነካው እጇ ላይ ቀረ። እሱን እንደያዘች ጋሽ ፈቃደ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ታውቅ ነበር?»

«ከወንዙ ስወጣ ጭቃ መስሎኝ ልጠርገው እጄን ሳሳርፍበት አወቅኩ። ቅዳሴ ላይ የሚቆሙ ልጆች ሽታ ነበረው።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሮማን። የሽማግሌ እግር አበላሸሁ ብላ እንድታድግ ነው?»

«እኔስ?» አለች። «አባቴ ቃሉን አፈረሰ፣ ብሞትም ግድ የለኝም አለ ብዬ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት እኔስ?»

ጋሽ ፈቃደ ቀና ብለው አዩዋት። «ይህን አላሰብኩም» አሉ ቀስ ብለው። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ቃሌን አላፈረስኩም።»

ሲስተር ሮማን ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና «አንቺ፣ ነይ» አለችኝ። ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ጭንቅላቴን ወገቧ ላይ ጫን አድርጋ ያዘችው፤ የሆስፒታል ሳሙና ትሸታለች። «ሁለተኛ ሳትጠይቂ ምንም ነገር አትቅቢ።»

«እሺ።»

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ «ጫማችሁን አድርጉ» አለችን፤ ወዴት እንደሆነ አልተናገረችም። መሐል ከተማ አንዲት ጠባብ የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ወሰደችን። ባለሱቁ ሽበታም ሰውዬ ሦስት ዓይነት ሱሪ አወጣ። አንደኛው ቀጭን ሆኖ እንደ ዝናብ ጃኬት የሚንኮሻኮሽ፣ ሁለተኛው ወፍራም ሆኖ እንደ ስፖንጅ የሚጨመቅ፣ ሦስተኛው የድሮው ዓይነት ጎማ። ጋሽ ፈቃደ እጃቸው ወደ ጎማው ሄደ። ሲስተር ሮማን መለሰችው። «እግርህ ብርድ አያውቅም፤ ብርዱ ግን እግርህን ያውቀዋል። ወፍራሙ ይሁን።»

ከዚያ ባለሱቁ አይቶት የማያውቀው ምርመራ ጀመረ። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ብብቷ ቦቲው ውስጥ ከተተች፣ ዓይኗን ጨፍና ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች። ተረከዙ ላይ ጉርብጥብጥ ያለውን መለሰችው። ሁለተኛውንም መለሰችው። ሦስተኛው ለስላሳ ሆኖ ሲገኝ ሁለት ነጭ ካልሲ ደርባ አለበሰቻቸው፤ ነጩን የመረጠችው እግራቸው ቢደማ ቶሎ እንዲታይ ነው። «ቁጭ በል። ተነሣ። አሁን ይህን እግርህን ወንበሩ ላይ አውጣ። ጉልበትህ ላይ ከያዘህ ይቀደዳል።» ጋሽ ፈቃደ እንደታዘዙት ተነሡ፣ ተቀመጡ። በአንድ ነገር ብቻ እንቢ አሉ፤ ሶሉ እንዳያንሸራትት ከሥሩ ሱፍ የተለጠፈበት ይሁን አሉ፣ የወንዙ ድንጋይ ሙልጭልጭ ነው። እሷ ሱፍ ቶሎ አይደርቅም ብትልም በመጨረሻ «ወንዙን አንተ ታውቃለህ» ብላ ተወችላቸው። ባለሱቁ ጎማ የሚያለሰልስ ቅባትም አለኝ ሲል ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ባለሱቁ ሱሪውን ሊጠቀልለው ሲል ሲስተር ሮማን «ቆይ» አለችው። ወደ አባቷ ዞረች። «ከእንግዲህ ውኃ ውስጥ ብቻህን አትገባም።»

«ካማው ውኃ ይፈራል፤ ታውቂው የለ?»

«ካማውን አላልኩም።»

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች። «የሴት ሠላሳ ስምንት ቁጥር አለህ?» አለችው ባለሱቁን በስዋሂሊ።

ጋሽ ፈቃደ ፊታቸውን ወደ መንጠቆዎቹ መደርደሪያ አዞሩ። ብዙ ቆሙ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ደስ ብሎትም እንደሚያለቅስ ያኔ ስለማላውቅ የመንጠቆ ዋጋ የተወደደባቸው መሰለኝ።

ሲስተር ሮማን እግሯን አስገብታ ቆመች። «አባዬ፣ ይኼ ልኬ ነው? እኔ አላውቅበትም። ና እየው እስቲ።»

መሐረባቸውን ኪሳቸው ከትተው መጡ። ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩና በአውራ ጣታቸው የጫማውን ጫፍ እየተጫኑ የልጃቸውን ጣት ፈለጉ።

«አንድ ቁጥር ጨምርላት» አሉት ባለሱቁን።